ውሻ የሌለበት ግቢ

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ በር ሚኒባስ ተሳፍሬ ቲማቲሜን ታቅፌ ኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ነበር። ረዳቱ "ጠጋ በሉ አቦ! ሰው ነው እንጂ ከረጢት አልጨመርኩባችሁ" እያለ አንድ ተጨማሪ ሰው ይጠቀጥቃል። ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ በስልኩ አጫጭር ቪዲዮ ያገላብጣል። ድምፁን ቀንስ ልለው አፌን ስከፍት ከስልኩ ውስጥ የአባቴ ድምፅ ወጣ። "ውሻውን ፍቱት።" በዚያ ቀስ ባለ፣ ደረቅ፣ ከጉድጓድ በሚወጣ ድምፁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን አባቴ አይደለም። ጥፍሯን ያስረዘመች የማላውቃት ልጅ ናት፤ ከንፈሯን በአባቴ ድምፅ ልክ እያንቀሳቀሰች የድሮ ፍቅረኛዋን ታባርራለች። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴትዮ "ይቺ ነገር ድሮ ፊልም ላይ የነበረች አይደለች? ሰውየው ሞተ መሰለኝ" አሉ። አልሞተም፤ አሁን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ እያዳመጠ ነው፣ ልላቸው እችል ነበር። ግን ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩና ቲማቲሜን ማየት ጀመርኩ።

ማንም አላወቀኝም፤ እኔ ግን አፈርኩ። ልማድ ነው። አንዳንዱ ሰው ከአባቱ መሬት ይወርሳል፣ አንዳንዱ ስኳር በሽታ ይወርሳል። እኔ የወረስኩት ይችን ሁለት ቃል ነው። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ እሱም የማይመጥነኝ ስም ነው፣ እማዬ ተስፋ አድርጋ ያወጣችው። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። ስለ ድሮ ለመጻፍ ገና ልጅ ነሽ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ግን እኔ ያደግኩባት ሐረር እኮ የለችም። ሰማያዊ ፔጆ ታክሲዎች ዳገቱን እያቃሰቱ የሚወጡባት፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሃምሳ ሳንቲም የሚገዛባት፣ የሙዚቃ ቤቱ ቴፕ ካልተዘጋ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዘፈን እየሰማ የሚውልባት ሐረር ባጃጅና ስልክ ዋጣት። ያቺን ያየ ሰው ሁሉ ሽማግሌ ነው፣ ዕድሜውን አትቁጠሩበት።

አባቴ ዘነበ ሐረርን ያወቀው ከወታደር ኪነት ጋር መጥቶ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ፤ ክራሩም ከበሮውም የት እንደገባ እንጃ። ጓደኞቹ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ እሱ እማዬን አግብቶ ቀረ። በማዘጋጃ ቤት ተላላኪ ሆነና ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ ከሚሠራ የቴአትር ቡድን ጋር ይሠራ ጀመር። አፍቃሪ ሆኖ መሥራት አይችልም። ፊቱ ረጅም ነው፣ ጉንጩ የገባ፣ ቅንድቡ በዓይኑ ላይ እንደ ጣሪያ ክዳን የወረደ። ገና በጎረምሳነቱ የሽማግሌ ፊት ነበረው። እና ምን አደረጉት? የሴት አባት። ያኔ ቴአትር ሁሉ አንድ ነው። አንዲት ልጅ ትኖራለች፣ አንድ ድሃ አፍቃሪ ይኖራል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ አባትየው እምቢ ይላል። አፍቃሪው ይቀያየራል፤ ልጅቷም አግብታ ትቀራለች፣ ሌላ ትመጣለች። እምቢ የሚለው ግን ሁልጊዜ አባቴ ነው። ለዚህ ሥራ አንድ ቡናማ ካፖርት ነበረው፤ ከአንድ ጡረተኛ የገዛው፣ ሲያልቅበት መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ወስዶ ያስገለበጠው። ያ መንገድ ያኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናው ጩኸት ንግግር ያስጥላል። እጁን ይዤ ሳልፍ ሰፊዎቹ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ "ዘነበ! ዛሬስ ማንን አባረርክ?" ይሉታል። እሱ ኮቱን ያስተካክላል። ደስ ይለው ነበር። እኔም ያኔ ገና ማፈር አልጀመርኩም።

ያቺ ቃል እንዴት እንደመጣች የነገረኝ ቆይቶ ነው። በድርሰቱ ላይ አባትየው ዘሩን እስከ ሰባት ቤት እየቆጠረ ሽማግሌዎቹን የሚያዋርድበት ረጅም ንግግር ነበረው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊቱ ቆመዋል። አባቴ አፉን ሲከፍት ንግግሩ የለም። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቃል የሚያስታውሰው ሰውዬ ሲጋራ ሊገዛ ወጥቷል። አባቴ እጁን ወደ ኮቱ ኮሌታ ከፍ አደረገ፤ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ሕዝቡ እያሰበ መሰለው። ዝም አለ። ዝም አለ። በመጨረሻ "ውሻውን ፍቱት" አለ። ከየት እንደመጣለት ዛሬም አያውቅም። ሐረር ላይ ይህን ማለት ደግሞ ሌላ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖር ሙስሊም ውሻ ግቢው አያስገባም፤ ቢነካው ለሶላት የታጠበው ውዱ ይበላሽበታል። ሰው በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ። ደራሲው መጀመሪያ ሊደበድበው ነበር፤ በሳምንቱ ግን ሰባቱን ቤት ሰርዞ እሷን ጻፋት።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሌላ ቃል አያስፈልገውም ነበር። የሲዲ ፊልም ዘመን መጣ። ከአዲስ አበባ የመጡ ፊልም ሠሪዎች "ያ የሐረሩ ሰውዬ" ብለው ፈለጉት። ካፖርቱን በፌስታል አድርጎ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ይቀርጹትና ይመለሳል። ሁልጊዜ አንድ ትዕይንት ነው። ሳሎን፣ ሦስት ሽማግሌ፣ ኮሌታ፣ ዝምታ፣ ውሻ። ሸዋ በር አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበረች፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆና በሯ ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለባት። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን አግዳሚው ላይ እንደ ጎመን ታስረን እናያለን። ኦቾሎኒ ይፈለፈላል፣ የሰው እግር ይሸታል። የአባቴ ፊት ሲመጣ ቤቱ በሙሉ አብሮ ይላታል፣ ድምፁ አይሰማም እንኳ። ወጥተን ስንሄድ ልጆች እየተከተሉኝ ይጮሁብኛል። "የውሻው ልጅ!" "የፈታሽው ውሻ የት አለ!" እኔም ዝም የምል ልጅ አልነበርኩም፤ ድንጋይ አነሳለሁ፣ እማታለሁ፣ ተመትቼም እገባለሁ። አንዴ የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ጠርቶኝ መልሱ ሲጠፋኝ ከኋላ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ "ውሻውን ፍታው" አለ። አስተማሪው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጠመኔው ወደቀበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን እሱ ራሱ ነበር። እምቢታን ሙያ ያደረገው ሰው "በላት" ብሎ የለመነውን ሰው እምቢ አይልም። ዳቦ ሰልፍ ላይ "ጋሼ፣ በናትህ አንዴ!" ይሉታል፤ ኮሌታውን ይይዛል። ሰርግ ላይ የሙሽራው ሚዜዎች ማይክ ያቀብሉታል፤ ይላል። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አንድ ሰካራም ለመነው፤ አባቴ ግራ ቀኙን አየና በሹክሹክታ አላት። በሹክሹክታም ይሰማል የሱ ድምፅ። ሳቅ ከድንኳኑ ጥግ ተነስቶ እስከ ሟቹ ሚስት ደረሰ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ተነስቼ ውኃ ቀጂዎቹ ጋ ሄጄ ከቢጫ ጀሪካኖች መሃል ተቀመጥኩ። ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ "ሰው ሲያለቅስ እንኳ?" ስትለው "ለመኑኝ እኮ" አለ። የምሩን ነው። የለመነውን ሰው ማሳፈር ነውር ይመስለዋል።

ኋላ ሲዲው ሞተ። ቪዲዮ ቤቷ ጫት መሸጫ ሆነች። አንድ ሁለት ጊዜ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ታየ፣ አንዴ ደግሞ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ፤ እድፉን በውሻ ሲያስባርር። ከዚያ ስልክ የሚደውልለት ጠፋ። ካፖርቱ ግን ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ቀረ። ብርድ ሲሆን ይለብሰዋል።

እኔ ዮናስን የማውቀው በሱቄ ነው። ቻርጀር ገዝቶ ሄደ፣ በማግሥቱ "አይሠራም" ብሎ መጣ። ሞከርኩት፣ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መጣ። "ስማ፣ ቻርጀሩ ደህና ነው፤ የተበላሸኸው አንተ ነህ" አልኩት። ደብረ ብርሃን ያደገ የመብራት ቴክኒሻን ነው፤ ለሥራ ተመድቦ መጥቶ ሐረር ላይ ዘመድ የለውም። ስለ አባቴ ስነግረው አላወቀውም፤ እሱ ባደገበት ቤት ቴሌቪዥን የሚያየው ታላቅ ወንድሙ ብቻ ነበር። የወደድኩት በዚህም ጭምር ነው፣ ምን ልዋሽ።

ሽማግሌ መላክ ሲመጣ ግን ችግር ሆነ። አባትና እናቱ ሩቅ ናቸው፣ አባቱም ታማሚ። አከራዩ ሐጂ ዩሱፍ ሰሙና "እኔ አባቱ ነኝ፣ እኔ እሄዳለሁ" አሉ። ሐጂ ዩሱፍ ጊደር መጋላ በሚባለው ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም የሚሸጡ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ አዛውንት ናቸው። ዮናስ ታይፎይድ በያዘው ጊዜ ሾርባ በእጃቸው ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ሌላ ሰው ልላክ ማለት ስድብ ነው፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ አብረው እንዲቆሙ ተጨመሩ።

እማዬ አባቴን ሳምንቱን ሙሉ አስጠናችው። "'ዘመድ ላማክር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ።' ይህችን ብቻ በል። ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።" ጢሙን ሲላጭ ይላታል፣ ጫማ ሲጠርግ ይላታል። እሁድ ጠዋት ብርድ ነበር። እማዬ "ያንን ኮት አውልቅ" አለችው። "ሌላ ምን አለኝ?" አላት። እውነቱን ነው፤ ሌላ አልነበረውም።

እኔ ሳሎኑን ከጓዳው ከሚለየው መጋረጃ ኋላ ነኝ። ሦስቱ ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ደንቡ "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ሐጂ ዩሱፍ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እንዴት ያለ ንግግር ተናገሩ! ጎረቤት ከዘመድ ይበልጣል አሉ፣ አላህ ሰውን ያበጀው እንዲዛመድ ነው አሉ፣ "ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ ልጃችሁን ስጡን ብለን ደጃችሁ ቆመናል" አሉ። እማዬ ከአጠገቤ ዓይኗን ጠረገች። አባቴ ዝም አለ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ሦስት ሽማግሌ ፊቱ ቆሟል። እጁ ወደ ኮሌታው ወጣ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ርዝመቱን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። አባዬ አታድርገው፣ አልኩ በሆዴ። በእመቤቴ፣ አታድርገው።

"ውሻውን ፍቱት" አለ።

ሁለቱ ባልደረቦች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ይህንንማ ለመስማት ነው የመጡት፤ አንደኛው "አላልኩህም?" ብሎ ሌላውን በክርኑ ጎሸመው። ሐጂ ዩሱፍ ግን በዕድሜያቸው ፊልም አይተው አያውቁም። ሌላ ነገር ለመስማት የሚከብደው ጆሯቸው ይህንን ጥርት አድርጎ ሰማው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ወደ እግራቸው። "አስተግፊሩላህ" አሉና ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን እየዘለሉ ወጡ። ውሻው መጣ አልመጣ እያሉ በግቢያችን ውስጥ ግራ ቀኝ ሲገላመጡ ጎረቤት ሁሉ በየአጥሩ ብቅ አለ። ሁለቱ እየሳቁ "ሐጂ! ሐጂ! ቀልድ ነው እኮ!" እያሉ ተከተሏቸው። ሳቃቸው ነገሩን አባሰው። እሳቸው ዘወር ሳይሉ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው "ስጡን ባልን በውሻ?" ሲሉ ተሰማ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሰፌድ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ሰፌዱ መሰበሩን ያወቅኩት ከሰዓት ነው።

እማዬ አልጮኸችም። ከመጮህ የሚብሰውን አደረገች፤ ለሽማግሌዎቹ የሠራችውን ወጥ እኛው ፊት አቅርባ "ብሉ" አለች። ማንም አልበላም። አባቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

"ምን ነካህ?" አልኩት። "ሳምንት ሙሉ አጥንተህ?"

"ጠፋኝ" አለ። "ንግግራቸው ያምር ነበር። ሳዳምጥ የኔ ጠፋኝ። ቃል ሲጠፋኝ የምይዘው እሷን ነው።"

"ሌላው ቢጠፋህ፣ እሺ ማለት እንዴት ይጠፋል? አንድ ቃል እኮ ነው!"

"እሺ ብዬ አላውቅም፣ ትዕግሥት።" ቀና ብሎ አየኝ። "እሺ የሚል አባት ማን ይጽፋል? እሺ ካለ ቴአትሩ ያልቃል።"

ሐጂ ዩሱፍ ለዮናስ "ልጄ፣ ሴት ሞልቷል፤ ሰው ላይ ውሻ የሚፈታ ቤት አትግባ" አሉት። ዮናስ ቢያስረዳ፣ ቢለምን፣ አይሰሙም፤ ስለ ፊልም ሲነግራቸው ጭራሽ "ሊሳቅብኝ ነው የተጠራሁት?" ብለው ተቆጡ። እንዲህ ሰንብቶ አንድ ቅዳሜ አባቴ ተነስቶ ጫማውን አሰረ። "ሐጂ ጋ እሄዳለሁ" አለ።

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "የሴት አባት ሽማግሌ ሊለምን? ልጄ ቆማ ቀረችብኝ ልትላቸው ነው? አገር ምን ይላል!"

"አገር ያለውን ብሏል" ብሎ ወጣ። እኔም ስላላመንኩት ተከተልኩት። እንደገና ቢላትስ?

ጊደር መጋላ ቅዳሜ እንዴት እንደሚሆን የሐረር ሰው ያውቀዋል። በርበሬው፣ አብሹ፣ ዝንጅብሉ በየከረጢቱ አፉን ከፍቶ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ይገበያያል። ሐጂ ዩሱፍ በሱቃቸው ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ "አሰላሙ አለይኩም" አላቸው።

"ወአለይኩሙ ሰላም። ምን ልመዝንልዎ?"

የሐረር ሰው ለወደደው ሰው አንተ ነው የሚለው፣ ለትልቁም ለትንሹም። እርስዎ ካለህ ደጁን ዘግቶብሃል ማለት ነው። አባቴ ገባው።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ሐጂ።"

"ለምኑ? ቤትዎ ነው። ውሻም ይፍቱ፣ ጅብም ይፍቱ።"

"ውሻ የለኝም።"

"የለዎትም?"

"ኖሮኝም አያውቅም።"

ሐጂ ዩሱፍ ማንኪያቸውን እርዱ ላይ አስቀመጡ። "ታዲያ ምኑን ነው ፍቱት ያሉት?"

አባቴ ጫማውን አየ። ዕድሜ ልኬን ያሳፈረችኝን ነገር እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

"የቴአትር ቃል ናት" አለ በመጨረሻ። "ሥራዬ ነበር።"

"ሰው ማባረር ሥራ ነው?"

"ሰው ይስቅ ነበር።"

"እኔ አልሳቅኩም።"

ይህን ሲባባሉ አንድ ኩንታል የተሸከመ ወጣት አባቴን አየው። ኩንታሉን ወርውሮ "ያ ጀመዓ! ውሻውን ፍቱት መጣ!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ተከበብን። ስልክ ወጣ። "ጋሼ፣ አንዴ በላት!" "አንዴ ብቻ፣ ወላሂ እንለቅሃለን!" "ኮሌታውን ያዝ፣ ኮሌታውን!" አንዷ ድንች ሻጭ ሚዛኗን ጥላ መጣች። አባቴ ከመሃል ቆሟል፣ ያንኑ ካፖርት ለብሶ። እጁ ተነሳ። አየሁት፣ ደረቱ ድረስ ተነሳ። ሐጂ ዩሱፍም ያዩታል። ከዚያ እጁ ወረደ። ኪሱ ገባ።

"ዛሬ የለም" አለ።

"ኧረ አትኩራ!"

"አርጅቷል፣ ረስቷታል!"

"እናስጀምርህ ጋሼ? ው…ሻ…ውን…"

አንገቱን ደፋ። የሚስቁት በሱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አብረውት የሳቁ ይመስለው ነበር። ስልኮቹ ፊቱ ሥር ገቡ። የለመነውን ሰው ሲያሳፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱ ከእነሱ ይልቅ ተዋረደ። እኔም ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ሐጂ ዩሱፍ በከዘራቸው ተነሱ።

"ሥራ የላችሁም?" አሉ። "ድንችሽን ፍየል እየበላልሽ ነው፣ ሂጂ! አንተ፣ ኩንታልህን አንሳ!" ሰዉ እየተንጫጫ ተበተነ። እሳቸው ወደ አባቴ ዞሩ። "ና ግባ" አሉት። "ተቀመጥ።"

አንተ አሉት። አባቴ ከበርበሬው ከረጢት አጠገብ ተቀመጠ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉሃል?"

"አዎ።"

"ልጅቷንስ?"

"እሷንም።"

ያኔ ዞረው አዩኝ። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዮናስን ትፈልጊዋለሽ ወይስ እኛ በከንቱ ነው የምንለፋው?"

"እፈልገዋለሁ" አልኳቸው።

"ሱብሃነላህ! ይቺኛዋስ ቃል አይጠፋትም" አሉ። ከዚያ አባቴን በከዘራቸው ጫፍ ጉልበቱን ነካ አድርገው "እሁድ እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ። ግን የሰው ቃል እንዳታሰማኝ። የራስህን ነው የምፈልገው፤ ቢያጥርም ይጠር" አሉት።

እማዬ እንደገና ልታስጠናው ስትል "ተይኝ" አላት። ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ ተወው፤ የዮናስን ሹራብ ተውሼ ሰጠሁት። ሰፋበት። ያለ ኮቱ ትከሻ እንደሌለው ያወቅኩት ያኔ ነው። እሁድ ሦስቱም መጡ፣ ቆሙ፣ ሐጂ ዩሱፍ ያንኑ ንግግር አሳጥረው ተናገሩ። ባልደረቦቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ይጠብቃሉ፤ አንደኛው ስልኩን በጎኑ ደብቆ ይዟል። ዝምታ ሆነ። የማላውቀው ዝምታ፣ ርዝመቱ ያልተለካ። እማዬ እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ነው።

"እኔ…" አለ አባቴ። ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጅቷ… ማለቴ ትዕግሥት…" እንደገና ቆመ። አዳራሽ ያለ ማይክ የሚሞላ ሰው ነው እኮ!

"አይሰማም" አሉ ሐጂ ዩሱፍ፣ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

"ልጁ ደግ ነው… ሰምቻለሁ… እኔም…"

"አይሰማም፣ ዘነበ። ጮክ በል።"

እጁን የሚያደርግበት አጣ። የሹራቡን እጅጌ ይጎትታል፣ ይለቃል። ከቪዲዮ ቤቱ፣ ከለቅሶው፣ ከሁሉም የበለጠ ያፈርኩት እዚያች ላይ ነው። በኔ ምክንያት ዕራቁቱን እንደቆመ ሰው ሆነ። አባቴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ትንፋሽ ይሁን ቃል በማይለይ ድምፅ "እሺ" አለ።

ሐጂ ዩሱፍ ጎንበስ ብለው "እ?" አሉ።

አላስቻለኝም። ሽማግሌ ፊት ወጥታ የምትናገር ሙሽራ በአገራችን የለችም፤ መጋረጃውን ገልጬ "እሺ አለ እኮ፣ ሐጂ! እኔ ሰምቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ። እማዬ ከኋላዬ "ወይ ውርደቴ!" አለች። ስልክ የያዘው ልጅ ስልኩን ጣለ። አባቴ ዞሮ አየኝ። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። በኔ ሲያፍር ያን ጊዜ አየሁት። ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰና፣ እኛን ቤት ውስጥ ሲቆጣ በሚናገርበት በዚያ ተራ ድምፁ፣

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ። "ስድ ናት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ።"

ይችን ሐጂ ዩሱፍ ጥርት አድርገው ሰሟትና ተቀመጡ።